ቀዩ ብርድ ልብስ

እህት ዓለም፣

ሳቄ ሳይበርድ ልጻፍልሽ። ጎርፍ ቤታቸውን ጠራርጎ የወሰደባቸው አንዲት እናት ዛሬ ቦታቸውን ሊያስመዘግቡ እኔ ለሥራ የመጣሁበት መሬት ቢሮ ገቡ። አጥር የለ፣ ዛፍ የለ፤ ድንበሩ በምን ይታወቅ? መዝጋቢዋ ከጎርፉ በፊት ከአየር የተነሳውን ፎቶ ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችላቸው። ስክሪኑን በጣታቸው ነክተው፣ «ያውና ቀዩ ብርድ ልብሴ፤ ጣሪያዬ ላይ አስጥቼው» አሉ። ቦታቸው በዚያ ተለይቶ ካርታው እዚያው ታተመላቸው። «ብርድ ልብሱንስ አታትሙልኝም?» ሲሉ በሳቅ ሞትን።

እኛ ሰፈር ድንበር የሚታወቀው ዛሬም በአጎቴ መሐላ ነው፤ መሐላውም በየክረምቱ አንድ ክንድ ወደኛ ይገባል።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። ለእማዬም ንገሪያት፤ ፎቶ አንሺዎቹ ወደኛ የመጡ ቀን፣ አጎቴ ሳይምል በፊት ቀዩን አንሶላ ድንበሩ ላይ ታስጣ።