ባንተ ጃቫና በእኔ ኮትሊን መካከል

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ሁንዴ፣ ጅግጅጋ

እንደምን ከረምክ? ያ ነፋስ እንዴት አድርጎሃል? ባለቤትህ ምህረትስ፣ ትንሿ ራዕይስ ደህና ናቸው? እኛ ካንተ ናፍቆትና ከማያባራው ዝናብ በቀር ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

ከፋሲካ ወዲህ ዝም ያልከኝ ለምን እንደሆነ አላጣሁትም። ለክሊኒኩ በጃቫ የጻፍከውን የቀጠሮ ፕሮግራም በአዲሱ የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በኮትሊን፣ እንድጽፈው ሲሰጡኝ፣ አንድ ታካሚ ለመግለጽ ሙሉ ገጽ ጨረስክ እኮ፣ እኔ በአንድ መስመር እገላገለዋለሁ ብዬ በስልክ ሳቅሁብህ። አንተም እሺ ኤቢሴ ብለህ ዘጋህ።

እውነትም በአንድ መስመር አለቀ። ኮትሊን የጃቫ ታናሽ እህት ናት፤ ታላቋ ዘርዝራ የምትናገረውን ባጭሩ ትለዋለች። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር። "መጠሪያ" ብለህ የጨመርካትን፣ ሰው በሰፈሩ የሚጠራበትን ስም መጻፊያዋን፣ ትርፍ መስላኝ ጣልኳት። ፕሮግራሙ ሥራ የጀመረ ዕለት ከካርድ ክፍሉ ጀርባ፣ መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ ኮዴን እያየሁ ዝናቡን እያዳመጥኩ በሐሳብ ጭልጥ ብያለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ብወጣ እማዬ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላለች፤ ለደም ግፊቷ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ገሜዳ ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ፣ የሚነሳ ሲጠፋ አልፈዋታል። በመታወቂያዋ ስም ማን ጠርቷት ያውቃል? እሷ የምትጠብቀው "የሁንዴ እናት" እስክትባል ነው። ዶክተሩም ወጥቶ ነበር። በጣም አፈርኩ ወንድሜ፣ አለቀስኩም።

ላስተካክል ስል ደግሞ ሌላ መጣብኝ። ታካሚ ምን እንደሆነ የሚነገርበት የፕሮግራሙ ክፍል፣ ክላስ የምንለው፣ በጃቫ ሆን ተብሎ ካልተዘጋ ክፍት ነው፤ ኋላ የመጣ ሰው ወርሶ የራሱን ይጨምርበታል። በኮትሊን ግን ክፍት ነው ብለው ካልጻፉበት ዝግ ነው። የእኔ ለራሴም ዝግ ነበር፤ ያንተ እንደተውከው ክፍቱን ቆየኝ። ደግነቱ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ፕሮግራም ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ። ገጽህን ከነመጠሪያዋ መለስኩና የእኔ ካንተ እንዲወርስ አደረግኩ። ዛሬም መስኮቱ ሥር ስቀመጥ፣ ወንበሩን ስበህ አጠገቤ የተቀመጥክ ይመስለኛል።

ይቅር በለኝ፤ ደውልልኝም። ለምህረት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ራዕይን አገላብጠህ ሳምልኝ። ጎረቤታችን ዘይቱናም መቼ ነው የሚመጣው ትላለች። እማዬ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሃለች። ትናንት ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። የሁንዴ እናት ሲባል ብድግ አለች፤ ግን ወደ ዶክተሩ ክፍል አልሄደችም። ዘወር ብላ ወደ ውጪው በር አየች፣ አንተ የጠራሃት መስሏት።

እህትህ ኤቢሴ
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ቤቴል
ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.