የውሃ ተራችንን ዝም ላለ ስልክ ላስረከቡት ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ይትባረክ፣ የመስኖ ውሃ ተራ ማስያዣ ክፍል ኃላፊ፣
አዳማ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ ቢሮዎ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር እየተነፋለት የተቀመጠው ሰርቨር የተባለው ኮምፒውተርም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋዬ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዓለም ጤና ላይ የተከልኩት ቀይ ሽንኩርት ግን ውሃ ካየ ሰባተኛ ቀኑ ስለሆነ፣ ከትናንት ጀምሮ ወደ ቢሮዎ አቅጣጫ እጅ ነሥቶ ቀርቷል።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ተራ በስልክ እንድንይዝ፣ የቦዩም በር ከአዳማ ሆኖ በራሱ እንዲከፈት ስላደረጉልን፣ በፀሐይ ቦይ ዳር ከመቆም ተገላግለን ይኸው አሁን በፀሐይ ስልክ ይዘን ቆመናል።

የጎረቤቴ ልጅ ሀሴት ኮምፒውተር የተማረች ናት፤ እኔን ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩትን ሴት ቁጭ አድርጋ እስኪገባኝ ስላስረዳችኝ፣ ቅሬታዬን በድፍረት አቀርባለሁ።

1ኛ. ሰርቨርዎ ለገባው ሰው ሁሉ አንድ አንድ አስተናጋጅ፣ ሰው ሳይሆን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ይመድባል አሉ፤ ያሉትም ሠላሳ ብቻ ናቸው። የእኛ ሰፈር ኔትወርክ ደግሞ ሲጠፋ ደህና ዋሉ ብሎ አይሰናበትም። ስለዚህ መስመሩ የተቋረጠበት ሰው ቤቱ ገብቶ ምሳውን ሲበላ፣ አስተናጋጁ አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያለ ቆሞ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለ ጨዋነት በዚህ ዘመን በማየቴ ደስ ብሎኛል፤ ሠላሳውም ከሌሉ ሰዎች ጋር ሲውሉ፣ ያለነው ግን “እባክዎ ይጠብቁ” እንባላለን።

2ኛ. አቤት ስንል ባለሙያዎ መላ አመጡ፤ መላውም አስተናጋጁን በቆመበት መግደል ነው። ወይ ጉድ! ያ አስተናጋጅ እኮ የበር ቁጥር አራትን መዝገብ ቆልፎ እየጻፈ ነበር፤ ሲሞት ቁልፉም አብሮት ተቀበረ። ከማክሰኞ ጀምሮ በሩ “በሌላ ሰው ተይዟል” ይላል። ያ ሌላ ሰው የለም፤ ከዚያ በር የሚጠጡ አሥራ አንድ ማሳዎች ግን አሉ።

3ኛ. ይህም አልበቃ ብሎ፣ አሥር ሰከንድ ዝም ያለውን ሁሉ ማባረር ጀመሩ። እኔ በአንድ ጣት የምጽፍ ሴት ነኝ፤ ስሜን ሳልጨርስ ሦስት ጊዜ ተባረርኩ። ቀስ የሚል ሰውና የጠፋ ሰው ለእርስዎ አንድ መሆናቸውን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

ድሮ ተራችንን የሚያስከብሩልን የውሃ አባት ኦቦ ቶሌራ ነበሩ። ባለተራው ድምፁ ሲጠፋ ሁለት ጊዜ ይጣራሉ፤ መልስ ካጡ ወደ እሱ ማሳ የሚሄደውን ቦይ ብቻ ይደፍናሉ። በሩ ላይ የቆመው የቀን ሠራተኛ ውሃው መቅረቱን ሲያይ፣ በሩን ራሱ ዘግቶ ቁልፉን ለቀጣዩ አስረክቦ ይሄዳል። ማንም አልሞተም። ይህን ስነግራት ሀሴት ሳቀች፤ ለካ ሰርቨሩም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ ጥቂት ደቂቃ መታገስ፣ አሉ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ዝም ካሉ መስመሩን ብቻ መቁረጥ። አስተናጋጁ መስመሩ መቆረጡን ሲያይ ይነቃል፣ መዝገቡን ይለቃል፣ በእግሩ ይወጣል። ኦቦ ቶሌራ ይህን ያወቁት አንድም ቀን ሥልጠና ሳይሄዱ መሆኑን ስገልጽ፣ እርስዎን ቅር እንዳይልዎት እየሰጋሁ ነው።

እንግዲህ ሽንኩርቱ ራስ የሚቋጥርበት ወቅት ነውና ከእሑድ አያልፍም። ዓመቱን ሙሉ የለፋሁት ለእሱ ነው። አራት ቁጥር በርን በእጅም ቢሆን እንዲያስከፍቱልን፣ የሟቹንም መዝገብ እንዲያስለቅቁልን በትሕትና እለምናለሁ።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለሰርቨርዎ ጥቂት ማስተዋልን፣ ለቦያችን ውሃን የምትመኝ አክባሪዎ፣

ፈውዚያ ጃዕፈር
ከዓለም ጤና፣ ከማሳው ዳር

ዳግመኛ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ከቢሮዎ መልእክት ገባልኝ፤ “የበር ቁጥር አራት ተራዎን በሚገባ ተጠቅመዋል፤ ስለተገለገሉ እናመሰግናለን” ይላል። ማሳው መሃል ቆሜ ለሽንኩርቱ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አላመነዎትም።