በኮሌታ ልክ የተቆረጠ ቃል

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ ጤና ናቸው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ የልብስ ሰፊ ወገብ ደግሞ ከሕመም አይቆጠርም።

«ይህን ማን ጻፈላት?» ትያለሽ። ማንም። አንቺ ትምህርት ቤት እንድትሄጂ እኔ ማሽኑ ላይ ስቀር፣ የልብስ ልክ የምናወጣው ከአሮጌ ጋዜጣና ከተገነጣጠለ መጽሐፍ ላይ ነበር። እጅጌ ስቆርጥ አንድ ዜና፣ ኪስ ስቆርጥ ግማሽ ማስታወቂያ አነብ ነበር። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ተማርኩ። የብዙ ወሬ መጨረሻ አላውቅም፤ መቀሴ በልቶታል። ለማንም አልነገርኩም፤ የጠየቀኝም የለም።

ደብዳቤሽ የመጣው ከአምስት ወር በፊት ነው። ፖስታው ላይ «እህቴ ማንበብ ስለማትችል ጎረቤት ያንብብላችሁ» ብለሻል። እሱን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከዚያ እንዳዘዝሽው ጎረቤታችንን፣ ጡረተኛውን ፖስተኛ ጠራሁት።

እናታችን አልጋዋ ላይ ቀና ብላ፣ ሻሿን አስተካክላ ጠበቀችው። በሠርግሽ ቀን ለአማቶችሽ እሷን አሳይተሽ «ልብስ የምታጥብልን ሴትዮ ናት» ካልሽ ወዲህ ከአንቺ ምንም ሰምታ አታውቅም። ስለ ቤትሽ አነበበላት፣ ስለ ልጆችሽ አነበበላት። መጨረሻ ላይ «እማዬ፣ ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው» ይላል፤ ቀጥሎ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል። ፖስተኛው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ። «እኔ ዕድሜ ልኬን ያነበብኩት አድራሻ ነው፣ ይሄ የማን በር እንደሆነ እንጃ» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «ደግ ነገር ቢሆን በገዛ ቋንቋዬ ትለኝ ነበር፣ ስድብ ነው» አለች። «ለሌላ ሰው እናሳየው» ቢላት፣ «ልጄ የሰደበችኝን ሰፈር አያነብልኝም» ብላ ወረቀቱን ትራሷ ሥር ከተተችው።

ቃሉን አውቀዋለሁ። ከእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ቅጠል ላይ የሸሚዝ ኮሌታ ልክ ስቆርጥ ነው ያገኘሁት። «መታረቅ፤ የተበላሸ ስምምነትን ወደ ቦታው መመለስ» ይላል። አጠቃቀሙም ነበረበት፤ «ጎረቤታሞቹ ከብዙ ዓመት ኩርፊያ በኋላ» ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን የኮሌታው ጎባጣ ቆርጦታል። ታረቂኝ ማለት ጉሮሮሽ ላይ ቢቆምብሽ የሰው ልብስ አለበስሽው። አልፈርድብሽም፤ እኛ ቤት ሁሉም ነገር በአንቺ ልክ ነበር የሚሰፋው።

ጠዋት ጠዋት ወረቀቱን እያወጣች ቃሉን በጣቷ ትዳብሰው ነበር። እኔ አጠገቧ ቁልፍ እተክላለሁ። አንድ ቀን ወደ እኔ ዞር አለችና፣ «አንቺዬ፣ ምን ያለችኝ ይመስልሻል?» አለችኝ። ድምፅዋ ልመና ነበረው። እናታችን እኔን ታዘኝ ነበር እንጂ ጠይቃኝ አታውቅም። ክሩን በጥርሴ በጠስኩና፣ «እኔ ምን አውቄ እማዬ፣ አላስተማርሽኝም» አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አላወጣችውም።

የኮሌታውን ልክ እዚህ ውስጥ አጥፌ ልኬልሻለሁ፤ ከእንግዲህ ለእኔ አይጠቅመኝም። ወረቀትሽ ግን ከእሷ ጋር ሄዷል። ለመምጣት አትቸኩዪ፤ ወር አልፎታል። አልጋዋ የነበረበት ቦታ ላይ ማሽኔን አዛውሬያለሁ። ለካስ መስኮቱ ሥር ብርሃኑ እንዲህ ጥሩ ኖሯል።

ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ ፊደል ሲቆጥሩ አይዟችሁ በያቸው። ለአንቺም ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥሽ፤ ይህን ደብዳቤ ደጋግመሽ የምታነቢበት ረጅም ዕድሜ።

ማንበብ የማትችለው እህትሽ