ገበያ ያልወጣው ውሃ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የበላይ ኃላፊ፤
አሶሳ

ክቡር ሆይ፤ በዚህ በበጋው ንዳድ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የቢሮዎ ማራገቢያ እንዳይቆምብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ወደ ቀድሞ ሥራዬ ተመልሼ በኩርሙክ መንገድ ዳር ያለችው መንደር ምንጭ ለምን እንደ ደረቀ እንዳጠና፥ በጥናቱም ውስጥ «ቀርከሃ» የሚለውን ቃል እንዳላነሣ ያዘዙበት መልካም ፈቃድዎ ደርሶኛል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት የዋሉልኝን ውለታ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ በሕዝብ ፊት መዘርዘር ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ አቀባበልዎ። እኔ ወርቂቱ ነገራ፥ የነቀምት ወንጌላዊ ልጅ፥ የእርሻና የአካባቢ ኢኮኖሚ ተምሬ፥ አዲሱ ክልል ባለሙያ ይፈልጋል ሲባል ሻንጣዬን አንጠልጥዬ የመጣሁ ነኝ። ወንበር እንኳ በወረፋ በምንቀመጥበት በዚያ ጊዜ «የክልላችን የመጀመሪያዋ የአካባቢ ኢኮኖሚስት» ብለው በስብሰባ አስጨበጨቡልኝ። ሥራዬ ምን እንደሆነ የጠየቁኝ ከጭብጨባው በኋላ ነበር። «ደን ቆሞ የሚሰጠውን ጥቅም ተቆርጦ ከሚሰጠው ጋር ማመዛዘን ነው» ብዬ ስመልስ፥ «ቆሞ ደግሞ ምን ይሰጣል?» ብለው ሳቁ። ስለ ሳቅዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥናቱ። አንድ ባለሀብት ሰሊጥ ሊዘራበት ስለጠየቀው የቀርከሃ ኮረብታ አስተያየት እንዳቀርብ ላኩኝ። ክረምቱን እዚያው መንደር አሳለፍኩ። ያረፍኩት ባሏ የሞተባትና የቀርከሃ ምንጣፍ እየሠራች ልጆቿን የምታሳድግ ኢንዓም የምትባል የበርታ ሴት ቤት ነበር። እህሉ ሲያልቅ የቀርከሃውን ቡቃያ ቀቅለን በላን፤ ቤቱም ጎተራውም አጥሩም ከዚያው ነው፤ የሚጠጣውም ውሃ ከኮረብታው ሥር ይፈልቃል። ይህን ሁሉ መዝኜ «ቀርከሃው ባይነካ ይሻላል» ብዬ ጻፍኩ። እርስዎም «ውሃ ገበያ ወጥቶ ያውቃል? ዋጋ የሌለውን ነገር ከዋጋ አታስገቢ» ሲሉ አረሙኝ። መምህሮቼ ሳይነግሩኝ የቀሩትን ስለገለጡልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሦስተኛ፤ ሕዝቡን ሊያወያዩ መንደሩ ድረስ ስለ መድከምዎ። የመኪናዎ ሞተር ሳይጠፋ «ባለሙያዋ ትንገራችሁ፤ የሚበጃችሁ ነው» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። በእኔ ደመወዝ የሚማሩ እኅቶች እንዳሉኝ እርስዎም ያውቁ ነበር። ወረቀቴን ሳገላብጥ የመንደሩ ሽማግሌ ሼኽ ዐብዱልቃድር በሚችሉት አማርኛ፥ እኔን «እሱ» እያሉ፥ «ይሄ ልጅ እኛ ቤት አደረ፥ እኛ ጋር በላ። እሱ ይናገር፤ እኛ እሱን እናምናለን» አሉ። ከዚህ በኋላ መዋሸት እንዴት ይቻላል? «አይበጃችሁም፤ ውሃችሁን ታጣላችሁ» አልኩ። እርስዎ መኪናዎ ውስጥ ገቡ፤ እኔም ብዙ ሳልቆይ ኩርሙክ፥ ገና ባልተሠራ የችግኝ ጣቢያ ላይ ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ። የሱዳንን ነፋስ እንዳስተዳድር ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። በጭነት መኪና ተሳፍሬ በዚያች መንደር ሳልፍ መጥረቢያው ኮረብታው ላይ ደርሶ ነበር።

አራተኛ፤ ስለ ልማቱ ፍሬ። ሰሊጡ አንድ ጊዜ በቀለ። በሚቀጥለው ክረምት ጎርፉ አፈሩን ይዞት ወረደ፤ ባለሀብቱም ትራክተሩን ጭኖ ሄደ። ምንጩ በዚህ በጋ ደረቀ። የኢንዓም ታናሽ ልጅ ሰዕዲያ ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ የተቀዳ ውሃ ጠጥታ ታመመች፤ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አሶሳ ሲያመጧት መንገድ ላይ ሕይወቷ አለፈ። እኔ ለልቅሶው ከኩርሙክ ስደርስ እናቷ ከምንጣፉ ጠጋ ብላ መቀመጫ ሰጠችኝ። ለዚህም የሚሆን ምስጋና ፈለግሁ፤ ክቡር ሆይ፥ አጣሁለት።

እንግዲህ ለትእዛዝዎ መልሴ ይህ ነው፤ አልመለስም። ሥራዬን ለቅቄ ከመንደሩ ጋር ነኝ። ከኮረብታው ማዶ ያልተቆረጠ ቀርከሃ ቀርቷል፤ ከሥሩም ለሁሉ የማትበቃ ቀጭን ውሃ ትወርዳለች። ያንንም የሚፈልግ ሌላ ባለሀብት መሬቱን ሊያስለካ በመጣ ጊዜ ሴቶቹ ኢንዓምን አስቀድመው መንገዱ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም መካከላቸው ነበርኩ። ሰውየው ለዚያ ቀን ተመልሷል። ነገ ፖሊስ ይዞ ይመጣ ይሆናል። እፈራለሁ። ቢሆንም እዚያው ነኝ።

ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፥ ሳቅዎም እንዳይነጥፍ እየተመኘሁ፥ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምነሣ፤
የመጀመሪያዋ የአካባቢ ኢኮኖሚስት፥ የሌለው ችግኝ ጣቢያ የቀድሞ ኃላፊ፥ የዛሬዋ ሥራ ፈት፤
ወርቂቱ ነገራ

ማስታወሻ፤ በመጪው ወር እንግዶች ይዘው በዚህ መንገድ እንደሚያልፉ ሰምቻለሁ። ውሃ ቢጠማዎት እባክዎ ኢንዓም ደጅ አይቁሙ። እሷ ደጇ የቆመን እንግዳ አታሳፍርም፤ ማን መሆንዎን እያወቀች የመጨረሻዋን ጣሳ ትሰጥዎታለች።