ጳጉሜን የቆጠረብህ ነጋዴ

ታዴ ሆዴ፣

ይኸው ከተለየኸን አምስት ወር ሊሞላ ነው። ጤንነትህን ልጠይቅ ብዬ ጀመርኩና ብዕሩ እጄ ላይ ቀረ። እኛ ደህና ነን፤ እኔን ያቃጠለኝ ንዴቱ ብቻ ነው።

የጓዳው ጣራ ማፍሰስ ጀምሯል። ትንሿ ልጅህ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ አባዬ እንዲያየው ብላ ሬዲዮው ላይ አስቀምጣዋለች። ሬዲዮውን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልህ በእሱ ጦስ ነው።

በዱቤ የወሰድክበት ቀን ትዝ ይልሃል? ከጋሽ ሙላት ሱቅ እስከ ቤት እንደ አራስ ልጅ ታቅፈኸው መጣህ። የአንቴናውን ሽቦ ጣራ ላይ ልዘርጋ ብለህ ከነወንበሩ ስትወድቅ በሳቅ ልሞት ነበር። ከዚያ አሥር ወር ሙሉ፣ ውሃ ቆጣሪ ስታነብ የምትውልበትን ደመወዝ ወሩ በገባ በሠላሳ ተቀብለህ፣ ቤት ሳትደርስ ሱቁ ጎራ ብለህ ትከፍል ነበር። አንድም ወር አልዘለልክም።

አሁን ትምህርት ቤቱ ስልሳ ዩኒፎርም የሚሰፋለት ሰው ፈልጎ እኔን ጠራኝ። እስከ ነሐሴ አጋማሽ የስፌት መኪና ካላገኘሽ ለሌላ እንሰጣለን አሉኝ። ደራ ድረስ ሄጄ በዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ አገኘሁ። እሱም ባልሽ ዱቤ ከወሰደበት ሱቅ ደህና ከፋይ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት አምጪ አለኝ። ይኼማ ቀላል ነው ብዬ እየሳቅሁ ናዝሬት ተመለስኩ።

ጋሽ ሙላት መዝገቡን ቢገልጡት ከስምህ ፊት ለፊት ዘጠኝ ቦታ በቀይ ቀለም «ዘግይቶ ከፋይ» ተብሏል። ዘጠኝ ቦታ፣ ታዴ! ውሉ በየሠላሳ ቀኑ ነው አሉኝ። የመጀመሪያውን ነሐሴ ሠላሳ ከፈልክ። እሳቸው የጳጉሜን አምስት ቀን ቆጥረው ቀጣዩን ለመስከረም ሃያ አምስት አደረጉብህ። አንተ ደሞዝህን በሠላሳ እየጠበቅህ በየወሩ አምስት ቀን አዘገየህ ማለት ነው። ለጳጉሜ ደመወዝ እንደሌለ ናዝሬት ውስጥ የማያውቅ ማን አለ?

ይሰርዙልኝ ብላቸው ለሞተ ሰው ስም ምን ያደርግለታል አሉኝ። ደሜ ፈላ። ቀበሌ ላመልክት ብሄድ ጓድ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስብሰባ። በመጨረሻ ጎረቤታችንን አዴ ጫልቱን ይዤ ሄድኩ፤ ምላሷን ታውቀዋለህ። የገበያ ቀን ስለነበረ ሱቁ ጢም ብሏል። እሷ ጋሽ ሙላትን ትታ ወደ ቅጥረኛቸው፣ ወደ ሽማግሌው መዝገብ ያዥ ዞረች።

«ለመሆኑ አንተ፣ እኒህ ሰውዬ የጳጉሜን ደመወዝ ይከፍሉሃል?»

ሽማግሌው ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ጎትቶ ሳቀ። ገበያተኛው ተከተለው።

ያኔ ጋሽ ሙላት ለዘብ አሉ። አንድ ወረቀት ጽፈው ፈርሚ አሉኝ፤ ባለቤቴ አዘግይቷል፣ በቸርነትዎ ይሰረዝልኝ ይላል። ከፈረምኩ ለደራው ነጋዴ የሚሆነውን ወረቀት በዚያው ሰዓት ይሰጡኛል። ብዕሩን ያዝኩ። ስልሳውን ዩኒፎርም አሰብኩ፤ የልጆቹንም ጫማ አሰብኩ።

«አላዘገየም» አልኳቸው። «የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት፤ ያርሙት። ምሕረት አልለምንም።»

ብዕሩን አስቀምጬ ወጣሁ። ስፌቱን ሌላ ሴት ወሰደችው።

ባንተም ተናድጃለሁ፣ አልደብቅህም። መዝገብ ያዡ ለአዴ ጫልቱ እንደነገራት ቀዩን ጽሑፍ ገና በሁለተኛው ወር አይተኸው ነበር፤ ይሁን፣ ምንም አይደል ብለህ ሄድክ አሉ። ምናለ ያን ቀን አንዲት ቃል ብትተነፍስ? ለእኔስ ለምን ደበቅከኝ? ያ ጨዋነትህ ይኸው ለእኔ ዕዳ ሆኖ ቀረ።

ንዴቴ ይበርድ ይሆናል፤ አንተን ግን አልረሳም። የእሳቸው መዝገብ የፈለገውን ይበል። እኔ የማስታውስህ እንደከፈልከው ነው፤ ሙሉውን፣ በቀኑ።

ያንተው አልማዝ