የመግቢያ ፈቃድ እስኪመጣ የወደቡ አፍ ላይ ስለቆመው ሰው

ውድ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ዓምዴን ለአንድ ባለሥልጣን ነው የማውለው። ከዚያ በፊት ግን አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ለእናንተ ላንሾካሹክ። አምና በመስከረም፣ በዚሁ ገጽ ላይ፣ በስልክ የሚሠራውን አዲሱን የወደብ መግቢያ ፈቃድ ሰማይ አድርሼ አሞግሼው ነበር። ጽሕፈት ቤቱም ፎቶዬ ያለበት የምስጋና ወረቀት ላከልኝ፤ እኔም እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ማድ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ባለፈው ወር አውርጄዋለሁ። ለምን እንደሆነ እነሆ።

ለተከበሩ የወደብ መግቢያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ሁኔታ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በደንብ በሚዘጋ ክፍል ውስጥ ስለሚሠሩ የየካቲቱ ነፋስ እንዳላስነጠሰዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የአግሪሊ ሰላጤ ሰዎች ደህና ነን፤ ከአንዳችን በስተቀር። ማመልከቻ ቁጥር ከሌለው እንደማይቀበሉ ስለተነገረኝ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ሥርዓት ስላስተማሩን እናመሰግናለን። እርስዎ ሳይመጡልን በፊት እንዴት ያለ ኋላ ቀር ኑሮ እንኖር እንደነበር ልንገርዎ። የደቡብ ነፋስ ሲነሣ ትልቁ ጀልባ የወደቡ አፍ ላይ በጎኑ ይቆምና ማዕበሉን ይከለክላል፤ ትንንሾቹ በእሱ ከለላ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ትልቁ ከሁሉም ኋላ ይገባል። ፈቃድ የሚጠይቅም የሚሰጥም አልነበረም። በዚህ ሥርዓት አልባ አሠራር ሠላሳ አንድ ዓመት ወደቡ አፍ ላይ አንድም ሰው አልሞተብንም። አሁን ግን፣ ክብረት ይስጥልኝ፣ ጀልባ የሚገባው መልእክት በላከበት ተራ እንደሆነ፣ ፈቃዱ ስልኩ ላይ እስኪደርስም ውጭ ቆሞ መጠበቅ እንዳለበት፣ ሦስት ማስጠንቀቂያ ያገኘም የማጥመድ መብቱን እንደሚያጣ ተምረናል።

2. ስለ ባርባ ፓንዴሊስም እናመሰግናለን። ባርባ የምንለው ለትልልቆቻችን ነው፤ እሱ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። የአምስት ሜትር የእንጨት ጀልባ፣ እንደ አሮጌ አጫሽ የሚያስል ሞተር፣ እና ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበረው፤ ሁለቱም ፈቃድ ሳይጠብቅ በመግባት። ስለዚህ ስልኩን ይዞ እኔ ቤት መጣ። የማድ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የትኛውን እንደሚጫን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሲወጣም በሩ ድረስ ተከትዬ፣ «አደራ ባርባ፣ ፈቃዱ ሳይመጣ እንዳትገባ!» ያልኩትም እኔው ነኝ። «እሺ ልጄ፣ በስተርጅና ተማሪ አደረግሽኝ» ብሎኝ ሄደ።

የካቲት አሥራ አንድ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ነፋሱ በድንገት ወደ ደቡብ ዞረ። ባሕር ላይ አራት ጀልባዎች ነበሩ። ሁለቱ ተራቸው ደርሶ ገቡ። ሦስተኛው የፓንዴሊስ፣ አራተኛው የአበልጁ የስትራቶስ ትልቁ ጀልባ ነበር። ስትራቶስ እንደ ድሮው በጎኑ ቆሞ ማዕበሉን ያዘለት። እኛ በዓሣ አጥማጆች ማኅበር ክፍል ውስጥ ሆነን በሬዲዮ እንሰማለን፤ የፓንዴሊስ ሚስት አርጊሮም እዚያው መንጠቆ ላይ ሰርዲን እየሰካች ነበር።

«ባርባ፣ ግባ እንጂ! ምን ይገትርሃል?» አለ ስትራቶስ።

«አልመጣም።»

«ምኑ?»

«ፈቃዱ ነዋ! እየጠበቁ ይቆዩ ይላል።»

«ፈቃዱን ዓሣ ይብላው! እኔ ከዚህ በላይ መያዝ አልችልም፣ እየገፋኝ ነው። በውስጥ በኩል እለፍ!»

«ሁለት አለብኝ አበልጄ። ሦስተኛውን ካገኘሁ ጀልባዋን ዶሮ ልታድርባት ነው። ደሞ ጋዜጠኛዋም ሳይመጣ እንዳትገባ ብላኛለች።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አርጊሮ ግን አልዞረችም፤ ሰርዲን በነካ እጇ ሬዲዮውን ከያዘው ሰው ነጠቀችና፣ «ፓንዴሊ! አሁን ትገባለህ አትገባም? ሾርባው ቀዘቀዘ!» አለች።

«ኧረ አትጩሂ ሴትዮ፣ መንደሩ ሁሉ ይሰማል» አላት።

ወዲያው ማዕበሉ ጀልባዋን ገለበጣት። ስትራቶስ ከውኃው ውስጥ አውጥቶ ወደ ወደቡ ይዞት ሲገባ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፎ ነበር። ሐኪሙ ከከተማ እስኪደርስ መጠበቅ አላስፈለገም።

ስልኩ በዳቦ ላስቲክ ተጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ስለነበር ውኃ አልነካውም። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ አርጊሮ እጅ ላይ ጮኸ፤ «ክቡር ደንበኛችን፣ አሁን መግባት ይችላሉ። መልካም ቀን።» ትሕትናችሁ ልብ ይነካል። ከአሥር ዓመት ወዲህ እሱን ክቡር ያለው ሰው አልነበረም።

3. ለስትራቶስ ስለጻፉለት ደብዳቤም ልዩ ምስጋና ይድረስዎ። ከቀብሩ በአራተኛው ቀን ነው የደረሰው። የማጥመድ መብቱ የታገደው ሁለት ጥፋት ስለሠራ መሆኑን በግልጽ ዘርዝሮ ያስረዳል፤ አንደኛ ተራው ሳይደርስ ወደብ በመግባቱ፣ ሁለተኛ በዝርዝሩ ላይ ያልተመዘገበ ተሳፋሪ በማሳፈሩ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ካነበበ በኋላ፣ «ዛምቤታ፣ ታዲያ ምን ብዬ ልመዝግበው ነበር?» አለኝ። ለቃላት ደሞዝ የሚከፈለኝ እኔ ብሆንም ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ። ምናልባት እርስዎ ይረዱናል።

ቀልዱን ለጊዜው ልተወው፣ ክቡርነትዎ። የፊታችን ሐሙስ በቢሮዎ የስትራቶስ ጉዳይ ይታያል። እግዱ ከጸና ትልቁ ጀልባ መሸጡ አይቀርም፤ እሱ ከሌለ ደግሞ በነፋሱ ወራት ማዕበሉን የሚከለክል የለምና ትንንሾቹ ባሕር መውጣት አይችሉም። ከወጡም ያው ፓንዴሊስን እንዳጣነው እናጣቸዋለን። የምንለምንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የሰውየውን መብት ይመልሱለት፣ የደቡብ ነፋስ ሲነሣም ስልኩ ይቅርብን። ለእኔ ቅጣት ካለዎት ይጨምሩበት፣ አልከራከርም፤ በሌሊት በአርጊሮ ደጃፍ ሳልፍ እግሬ እንዴት እንደሚከብድ ግን የትኛው ማስጠንቀቂያ እንደሚገልጸው አላውቅም።

መቼም ስለማይለየን ትጋትዎ፣ ስለ ፈጣኑ መልእክትዎና ስለ ረጅሙ ትዕግሥታችን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ከፍ ያለ አክብሮት ያላት፣
ዛምቤታ ሙሪኪ፣ አግሪሊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ለባርባ ፓንዴሊስ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። ፈቃድ ተሰጥቶት መግባቱን ስላላረጋገጠ በአሥር ቀን ውስጥ በአካል ቀርቦ እንዲያስረዳ ይላል። እሱ ስለማይመቸው አርጊሮ ሐሙስ ከእኛ ጋር ትመጣለች፤ በየትኛው መስኮት እንደምትሰለፍ አስቀድመው ቢያሳውቋት ጥሩ ነው። እኔም ደብተሬን ይዤ ከጎኗ እቆማለሁ፤ የሚሰጧትን መልስ፣ ዝም ካሏትም ስንት ደቂቃ ዝም እንዳሉ፣ እዚሁ ገጽ ላይ ሳልጨምር ሳልቀንስ አወጣዋለሁ።