የዳማ ሆድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1930

ዛሬም ቦራን አሞገሱት። የጣልያኑ ፎርማን ከሚያሠራው ቤት ወርዶ፣ መስኩ ድረስ መጥቶ የጎረቤቴን የሰይድን ፈረስ አንገቱን ደባበሰው። ግንባሩ ላይ ያለችውን፣ ቦራ ያሰኘችውን ነጭ ሳይቀር ዳሰሳት። "ቤሎ! ቤሎ!" አለ፣ ያምራል ማለቱ ነው። እኔ ባዝራዬን ዳማን ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ዞር ብሎም አላያት። ቆሽቴ አረረ።

የባሰው ደግሞ ራት ላይ መጣ። "የሰይድ ፈረስ ጠጉሩ እኮ ቅቤ የተቀባ ይመስላል" አለች አስካለ። ሚስቴ ናት እንግዲህ!

የኔዎቹ? ሸጋው ስሙ ብቻ ነው ሸጋ፤ ከስቷል፣ ጠጉሩ ቆሟል፣ ቂጡን ከግንብ ጋር ሲያሽ ይውላል። ዳማ ሆዷ ተነፍቷል። በቅሎዎቼን ጣልያን ከወሰደብኝ ወዲህ የቀሩኝ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፣ የሰው እህል ተሸክመው የሚያበሉን። በተለይ ዳማ አንድ ነገር ብትሆን አለቀልን።

ማክሰኞ

የሸጋው ፋንድያ ውስጥ ወስፋት አየሁ። ነጭ፣ ረጅም። ተመስገን አልኩ። በዚህ ይመሰገናል? ግን ጥፋቱ የኔ አይደለም ማለት ነው፣ የወስፋት ነው።

ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ክረምት ላይ ጣልያኖቹ የመስኩን እኩሌታ ለቤት መሥሪያ አጠሩት። ፈረሶቹ በቀረችው ቁራጭ ላይ፣ በገዛ ፋንድያቸው መሐል ይግጣሉ። ወስፋቱ ከሆድ ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ሆድ ይመላለሳል። ስለዚህ፦

ፋንድያ በየጠዋቱ ይነሣ።
ድርቆሽ መሬት ላይ አይጣል፣ በገንዳ ይሁን።
ኮሶ ዝም ብሎ ለሁሉም አይሰጥ፤ ፋንድያው ታይቶ፣ ወስፋት ለተገኘበት ብቻ።

የመጨረሻውን ጽፌ ሰረዝኩት። ለሁለቱም ነው የምሰጠው። ለዳማ እንዲያውም አብዝቼ። ለኅዳር ጽዮን እሷም ታብረቅርቅና ያ ፎርማን ይያት።

ረቡዕ

ሰይድ መስኩ ላይ ጠበቀኝ። የወሎ ሰው፣ አነጋገሩ ማር ነው። "ፋንድያውን ተጋግዘን ብናነሣው ምን ይመስልሃል?" አለ። እኔ የቦራን ፋንድያ ላነሣ? "የየራሳችንን" አልኩት።

ቀጥሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው! "ለሸጋው ኮሶ ስጠው። ዳማን ግን ተዋት ወንድሜ፣ ፋንድያዋን አይቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነው። ሆዷም የወስፋት አይመስለኝም።"

የሰው ፈረስ ፋንድያ ምን አገባው? ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። እንዳታምር ፈልጎ ነው፣ በቃ። ሌላም ሊለኝ ነበር፣ ጥዬው ሄድኩ። ምቀኛ አታሳጣኝ ይባላል፤ እኔስ መች አጣሁ።

ዳማም ብትሆን ያው ናት። ቦራ ባለፈ ቁጥር ታሽካካለች። የገዛ ፈረሴ!

ሐሙስ

ሁለቱንም ጦም አሳደርኳቸው። ኮሶውን ወቅጬ ዘፈዘፍኩ። ሸጋውን በቀንድ ጋትኩት፤ እጄን ነክሶኛል፣ ግን ዋጠ። ወደ ዳማ ዞርኩ። አስካለ ልጓሟን እንደያዘች፣ "እርጉዝ ብትሆንስ?" አለች።

"ከማን? ሸጋው እንደሆነ የተኮላሸ ነው" ብዬ ሳቅሁ።

"እኔ እንጃ። ሴት እርጉዝ ሆና ኮሶ ትጠጣለች እንዴ? ያስወርዳታል።"

ወዲያው ትዝ አለኝ። የካቲት! ያን ሦስት ቀን ከተማው ሲቃጠል፣ ሰው እንደ ከብት ሲታረድ፣ እኔና አስካለ ገደል ውስጥ ተደብቀን ሰነበትን። ፈረሶቻችንን ግቢው አስገብቶ ያተረፈልን ሰይድ ነው። እዚያው ከቦራ ጋር ነበር የታሰሩት።

ቀንዱን አስቀመጥኩ። አባቴ ያደርግ እንደነበረው ቀዝቃዛ ውኃ አጠጥቼ እጄን ጎኗ ላይ አሳረፍኩ። ምንም የለም። እንደገና አጠጣኋት። ከዚያ ከውስጥ መታኝ! አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ።

ኮሶውን ደፋሁት። በቅናት ልገድለው ነበር እኮ። እሷንም ጭምር።

ዓርብ

ሸጋው ወስፋቱን ጣለ። ጉድ ነው ብዛቱ። ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ገንዳውንም ጠግኜ ድርቆሹን እዚያ ላይ አደረግሁ።

ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ልነግርህ ስል ጥለኸኝ ሄድክ" ብሎ ሳቀ።

"ውርንጭላውስ?" አልኩት፣ ድርሻ ሊጠይቅ ነው ብዬ።

"የእናቲቱ ጌታ አንተ ነህ። ያንተ ነው እንጂ የማን ሊሆን?"

ደግነቱ ራሱ አናደደኝ። ለየካቲቱ ማመስገን ይገባኝ ነበር፤ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ስምንት ወር ሙሉ እንዲሁ እየመጣ ይመለሳል።

ደግሞ ግንባሩ ላይ ነጭ ይዞ ቢወለድስ? መንደሩ ሁሉ "የሰይድ ፈረስ ልጅ" ሊለው ነው። ለአስካለ ብነግራት፣ "ቦራ ከሆነማ እንዴት ያምራል!" አለች። ምን ትላላችሁ!

ቅዳሜ

ትናንት ያልተናገርኩትን በሥራ ላድርገው ብዬ፣ ብርዱ ሳይለቅ አካፋና ቅርጫት ይዤ መስኩ ወረድኩ። የፈረሶቼንም የቦራንም ፋንድያ ላነሣ ነበር፣ ሰው ሳያየኝ።

መስኩ ተጠርጓል። የዳማም የሸጋውም ፋንድያ ሳይቀር ተነሥቶ ጥግ ላይ ተከምሯል። ሰይድ ክምሩ አጠገብ ቆሞ እጁን በሣር ይጠርጋል።

በዚህም ቀደመኝ።